የሚሸጠው ቀን ነው፦ የአይኤስኦ 9001 ሰርተፍኬት ኦዲት አገልግሎት ሲመዘን

80 ሠራተኞች ያሉት አንድ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ የአይኤስኦ 9001 (የጥራት ሥራ አመራር ሥርዓት ዓለም አቀፍ ደረጃ) ሰርተፍኬት ፈልጎ ከሦስት ድርጅቶች ዋጋ ቢጠይቅ፣ ሦስት የማይመሳሰሉ ሰነዶች ሊደርሱት ይችላሉ። አንዱ 6 የኦዲት ቀን ይላል፤ ሌላው 4 ቀን ተኩል፤ ሦስተኛው 2 ቀን። የግዥ ኮሚቴው ዓይን ቶሎ ብሎ ወደ ጠቅላላ ድምሩ ይሄዳል። መታየት ያለበት ግን የቀኑ ቁጥር ነው፤ በዚህ አገልግሎት ውስጥ የሚሸጠው እሱ ነውና። ሰርተፍኬቱ አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ የትኛውም ማተሚያ ቤት አሳምሮ ያወጣዋል። ማተሚያ ቤት የማያወጣው፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ማምረቻው ውስጥ ቆሞ የጠየቀበትን ሰዓት ነው።

ቀኑ ደግሞ በክርክር የሚወሰን አይደለም። ዓለም አቀፉ የአክሬዲቴሽን ፎረም (አይኤኤፍ፣ ሰርተፍኬት ሰጪዎችን የሚመዝኑ አካላት ኅብረት) ኤምዲ 5 በተባለ አስገዳጅ ሰነዱ ሰንጠረዥ አውጥቶለታል። ለጥራት ሥራ አመራር ሥርዓት ከ16 እስከ 25 ሠራተኛ 3 ቀን፣ ከ26 እስከ 45 ሠራተኛ 4 ቀን፣ ከ46 እስከ 65 ሠራተኛ 5 ቀን፣ ከ66 እስከ 85 ሠራተኛ 6 ቀን፣ ከ86 እስከ 125 ሠራተኛ 7 ቀን እያለ ይቀጥላል። ይህ የመጀመሪያው ኦዲት ሁለት ክፍሎች፣ ደረጃ አንድ (የሰነድና የዝግጁነት ምርመራ) እና ደረጃ ሁለት (ሥራው ራሱ የሚታይበት)፣ ተደምረው ነው። ሥራው ቀላል ወይም ሥርዓቱ የበሰለ ከሆነ ቅናሽ ይፈቀዳል፤ ሆኖም ከ30 በመቶ አያልፍም፤ ምክንያቱም በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። የፋብሪካችን 6 ቀን ቢቀነስ ቢቀነስ 4.2 ላይ ይቆማል። ስለዚህ 4 ቀን ተኩል ያለው ምክንያቱን ጽፎ ካሳየ ልክ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ቀን ያለውስ? አንድ ዓይነት ሥራ ደጋግመው የሚሠሩ ሰዎች፣ ለምሳሌ እሽግ የሚደረድሩና የሚጭኑ ሠራተኞች፣ በቁጥር ተቀንሰው ሊታሰቡ ይችላሉ፤ የግማሽ ቀን ሠራተኛም እንደ ሙሉ አይቆጠርም። ነገር ግን ሙሉው 30 በመቶ ተቀንሶም እንኳ 2 ቀን ላይ ለመድረስ የፋብሪካው ሰው ከ15 የማይበልጥ ሆኖ መቆጠር አለበት። 80ን 15 የሚያደርግ ስሌት ካለ አቅራቢው ያሳይ። ከሌለ፣ ያ ድርጅት ኦዲት በቅናሽ እየሸጠ አይደለም፤ ሌላ ነገር እየሸጠ ነው።

አንዳንዴ ጥፋቱ ከገዢው ይጀምራል። በማመልከቻ ቅጹ ላይ የጉልበት ሠራተኞችንና የማታ ፈረቃውን አውጥቶ 80ውን 40 ብሎ መሙላት የተለመደ ብልጠት ነው። ኦዲተሩ ግን የፈረቃ መርሐ ግብርና የሥልጠና መዝገብ ማየቱ አይቀርም፤ ልዩነቱ ያኔ ይወጣል፣ ቀኑም እንደገና ይሰላል። ወጪውና መዘግየቱ በሁለት እጅ ይመጣል።

ከቀኑ ውስጥ ቢያንስ 80 በመቶው በኦዲቱ ላይ እንዲውል ይጠበቃል፤ ዕቅድ ማውጣትና ሪፖርት መጻፍ ከቀሪው ነው። 6 ቀን ሲባል እንግዲህ ቢያንስ 4.8 ቀን ሰው መጠየቅ፣ ሥራ ማየትና መዝገብ ማገላበጥ ነው፤ ሁለት ኦዲተር ከመጣ ለእያንዳንዱ 2.4 ቀን ገደማ። የኦዲት ቀን በመደበኛው 8 ሰዓት ነው፤ እስከ ምሽት በመቆየት የቀኑን ቁጥር መቀነስ አይቻልም። የመንገድ ጊዜም አይገባበትም። ፋብሪካው ከአዲስ አበባ 3 ሰዓት ርቆ ኦዲተሩ ጠዋት ተነሥቶ ማታ የሚመለስ ከሆነ፣ የተከፈለበት ቀን በመኪና ውስጥ እያለቀ ነው። በውሉ ላይ የጉዞውና የአዳሩ ነገር ተለይቶ ይጻፍ።

ዋጋ ሲወዳደር የሦስት ዓመቱ ተደምሮ ይሁን። በየዓመቱ የሚደረገው የክትትል ኦዲት የመጀመሪያውን አንድ ሦስተኛ ያህላል፤ ለፋብሪካችን 2 ቀን። በመጀመሪያው ዙር 6፣ 2 እና 2፣ በድምሩ 10 ቀን ማለት ነው። ሰርተፍኬቱ ሲያልቅ የሚደረገው የእድሳት ኦዲት ሁለት ሦስተኛ፣ 4 ቀን ነው። መግቢያውን አርክሰው ክትትሉ ላይ የሚያካክሱ ስላሉ የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ ማየት ያሳስታል።

ከቀኑ ቀጥሎ የሚታየው ሰጪውን ማን እንደመዘነው ነው። አይኤስኦ ራሱ ለማንም ሰርተፍኬት አይሰጥም፤ ደረጃ ያወጣል እንጂ። ሰርተፍኬት የሚሰጡት ሌሎች ናቸው፤ እነሱን የሚመዝናቸው ደግሞ አክሬዲቴሽን ሰጪ ነው፤ መለኪያውም አይኤስኦ/አይኢሲ 17021-1 ይባላል። ኢትዮጵያ ይህን የለየችው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ የቀድሞው የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን ለአራት ተከፍሎ ደረጃ ማውጣት፣ ሥነ-ልክ፣ የተስማሚነት ምዘና እና አክሬዲቴሽን የየራሳቸው ተቋም ሲያገኙ። ፍተሻ፣ ኢንስፔክሽንና ሰርተፊኬሽን የሚሠራው የኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት የዚያ ክፍፍል ውጤት ነው። ከውጭ አገር ሰጪዎችም በአዲስ አበባ ወኪል ይዘው ይሠራሉ። ማንም ይሁን ማን፣ ጥያቄው አንድ ነው፦ አክሬዲቴሽኑን የሰጠው ማን ነው? የእኛን የሥራ ዘርፍስ ይጨምራል? አክሬዲቴሽን በዘርፍ ይሰጣል፤ ምግብና መጠጥ በአይኤኤፍ አከፋፈል ቁጥር 3፣ ኮንስትራክሽን 28 ነው። ኮንስትራክሽን ብቻ የተፈቀደለት ሰጪ የውሃ ፋብሪካ ኦዲት አድርጎ የአክሬዲቴሽን ምልክት ያለበት ሰርተፍኬት ሊሰጥ አይችልም።

አማካሪነትንና ሰርተፍኬትን አንድ ላይ ጠቅልሎ የሚሸጥ ካጋጠመ እዚያው ላይ ማቆም ነው። ሰርተፍኬት ሰጪ የማማከር አገልግሎት አይሰጥም፤ ለአንድ ድርጅት የውስጥ ኦዲት ከሠራም ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳያልፍ ያንን ሥርዓት ሰርቲፋይ ማድረግ አይፈቀድለትም። «ሰነዱንም እኛ እናዘጋጃለን፣ ኦዲቱንም እኛው» የሚል ቅናሽ፣ ቅናሽ አይደለም።

ከአገልግሎቱ ክፍሎች በጣም የሚናቀው ደረጃ አንድ ነው፤ ዋጋውን በትክክል የሚመልሰውም እሱ ይመስለናል። ኦዲተሩ የሚያየው ሰነዱን፣ የቦታውን ሁኔታ፣ የሰርተፍኬቱን ወሰን፣ የውስጥ ኦዲትና የአመራር ግምገማ መካሄዳቸውን ነው። ቢቀር ደረጃ ሁለት ላይ ኖንኮንፎርሚቲ (ኦዲተሮች ‘ኤንሲ’ የሚሉት አለመጣጣም) የሚሆን ነገር እዚህ በስጋት መልክ ይነገራል። ይህ ነፃ ማስጠንቀቂያ ነው። ጉዞ ለመቆጠብ ሲባል ሰኞ ደረጃ አንድ፣ ማክሰኞ ደረጃ ሁለት ከተደረገ ግን ማስጠንቀቂያው ጥቅም የለውም፤ በአንድ ሌሊት የአመራር ግምገማ አይካሄድም፤ ተካሄደ ከተባለም ቃለ ጉባኤው ራሱ ያጋልጣል። ጥቂት ሳምንታት በመካከል ይኑር።

ወሰኑም እዚሁ ይጥራ። በጣም የሚያጨቃጭቀው «ዲዛይንና ልማት አይመለከተንም» የሚለው ነው። ደረጃው አንድ ድንጋጌ አይመለከተኝም ማለትን የሚፈቅደው ምርቱን ወይም አገልግሎቱን በሚፈለገው ልክ የማቅረብ አቅም የማይነካ ሲሆን ነው። አዲስ የጠርሙስ ቅርጽ ወይም አዲስ ጣዕም ያለው መጠጥ እያወጡ አንቀጽ 8.3ን (ዲዛይንና ልማትን) መዝለል አያስኬድም።

አንድ ነገር እግረ መንገድ፦ የአይኤስኦ 9001 የ2015 (እ.ኤ.አ.) እትም የጥራት ማንዋል አይጠይቅም፣ የአመራር ተወካይ መሾምንም አይጠይቅም፣ የ2008ቱን ስድስት አስገዳጅ ፕሮሲጀሮችም ትቷል። ዛሬም ግን 120 ገጽ ማንዋል የሚሸጥ አማካሪ አይጠፋም። ማንዋል መኖሩ ጥፋት አይደለም፤ ማንም የማያነበው ማንዋል ግን ለኦዲተሩ የኤንሲ መጋዘን ነው። የተጻፈውን አልሠራችሁም ለማለት የሚበቃ ጽሑፍ አዘጋጅቶለታልና።

ደረጃ ሁለት ላይ ጥሩ ኦዲተርን ከመጥፎ የሚለየው ከየት እንደሚጀምር ነው። መጥፎው ስብሰባ ክፍል ተቀምጦ ከአንቀጽ 4 እስከ 10 ዝርዝሩን ይዞ «ይሄ አላችሁ? ይሄስ?» ይላል። ፋይል ይመጣል፣ ፋይል ይሄዳል፣ ቡና ይጠጣል። ጥሩው መጋዘን ገብቶ አንድ ጠርሙስ ያነሣል።

ጠርሙሱ ላይ የምርት መለያ ቁጥር አለ። በዚያ ቁጥር የዕለቱ የሙሌት መዝገብ ይጠራል፦ ስንት ሰዓት ተጀመረ፣ የትኛው መስመር፣ ማን ነበር። ከዚያ ወደ ኋላ፦ ክዳኑና ፕሪፎርሙ (ተነፍቶ ጠርሙስ የሚሆነው ፕላስቲክ) ከየትኛው አቅራቢ በየትኛው ቀን ገባ፣ ሲገባ ምን ተፈተሸ፣ አቅራቢው በምን ተመረጠ። ወደ ማጣሪያው፦ ፊልተሩ መቼ ተቀየረ፣ የዩቪ መብራቱ የሰዓት ቆጣሪ ስንት ላይ ነው፣ አምራቹ የጻፈው ገደብስ ስንት ነው። ወደ ላቦራቶሪው፦ የፒኤችና የድፍርስነት መለኪያዎቹ ካሊብሬሽን (በትክክል መለካታቸውን ማረጋገጥ)፣ መርማሪዋ ብቁ መሆኗ በምን እንደተረጋገጠ። ይህ የኦዲት ዱካ ይባላል። በአንድ ጠርሙስ የደረጃው አንቀጾች 7.1.5፣ 7.2፣ 8.4፣ 8.5.1፣ 8.5.2 እና 8.6 ይታያሉ፤ ግማሽ ቀንም አይፈጅም።

ዱካው ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው 8.6 ላይ፣ ማለትም ምርት የሚለቀቅበት በር ላይ ነው። የኮሊፎርም ባክቴሪያ ምርመራ በፊልትሬሽን ዘዴ አንድ ቀን ገደማ ኢንኩቤተር (ሙቀቱ የተወሰነ ሣጥን) ውስጥ መቆየት ይፈልጋል፤ የሲውዶሞናስ (የሌላው ባክቴሪያ) ደግሞ ወደ ሁለት ቀን ይጠጋል። የመኪና መጫኛ ደረሰኙ ምርቱ በማግስቱ ጠዋት ወጥቷል የሚል ከሆነ ሒሳቡ አይገጥምም፤ ውጤቱ ሳይደርስ ውሃው ወጥቷል። ይህን ለማግኘት የተለየ ጥበብ አያስፈልግም፤ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። ፋብሪካው ውጤት ሳይጠብቅ የሚለቅበት ሁኔታ ካለው ማን እንደፈቀደ፣ በምን መነሻ፣ ውጤቱ መጥፎ ቢመጣ ጭነቱ የት እንዳለ እንዴት እንደሚታወቅ የተጻፈ መሆን አለበት።

ሌላው፣ መብራት ነው። ኢንኩቤተሩ የሙቀት መዝገብ አለው፤ ጠዋትና ማታ በእጅ ይሞላል፤ ሁልጊዜም ልክ ነው። ሌሊት መብራት ሲጠፋስ? ጄኔሬተሩ ላቦራቶሪውን ይጨምራል ወይስ የሙሌት መስመሩን ብቻ? የጄኔሬተሩን መዝገብ አምጥቶ ከኢንኩቤተሩ ጋር የሚያስተያይ ኦዲተር የአገሩን ሥራ ያውቃል። ይህን አለመጠየቅ ከውጭ የመጣ ኦዲተር ላይ ይጠበቃል፤ የአገር ውስጡ ላይ ግን ስንፍና ነው።

የውጤቱ አጻጻፍም ራሱን የቻለ የጥራት መለኪያ ነው። ኤንሲ ሦስት ነገር ይይዛል፦ የተጣሰው መስፈርት፣ የተገኘው ማስረጃ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት። «የካሊብሬሽን አያያዝ ደካማ ነው» የሚል ጽሑፍ ከመጣ በመዝጊያ ስብሰባው ላይ መጠየቅ ተገቢ ነው። እንዲህ ሲጻፍ ነው የሚጠቅመው፦ «በላቦራቶሪው ያለው የፒኤች መለኪያ ቁጥር 2 የካሊብሬሽን ጊዜው ካለፈ በኋላ ለ3 ወር የዕለት ውጤት ተመዝግቦበታል፤ 7.1.5.2 የመለኪያ መሣሪያ በተወሰነ ጊዜ ካሊብሬት እንዲደረግ ይጠይቃል።» ሜጀር (ከባድ) የሚባለው ኤንሲ ሥርዓቱ የታሰበለትን ውጤት የማስገኘት አቅሙን የሚነካው ነው፤ በአንድ መስፈርት ላይ የተደራረቡ ማይነሮችም (ቀላል ኤንሲዎች) ተደምረው ሜጀር ሊሆኑ ይችላሉ። ኦዲተሩ የማሻሻያ ዕድል መጠቆም ይችላል፤ «ይህን ሶፍትዌር ግዙ፣ ቅጹን እንዲህ አድርጉት» ማለት ግን ከሥራው ውጪ ነው። መፍትሔ የሚያዝ ኦዲተር ደግ ሊመስል ይችላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን የራሱን ሐሳብ ነው ኦዲት የሚያደርገው።

መልስ ሲጻፍ የሚደጋገመው ስሕተት ማረምንና መንስኤን ማጥፋትን ማምታታት ነው። መለኪያውን ልኮ ካሊብሬት ማስደረግ ማረም ነው። «ኃላፊው ረስቶ ነው፤ ሥልጠና ተሰጥቷል» የሚለውም መንስኤ አይደለም፤ ለምን ሊረሳ ቻለ ነው ጥያቄው። ምናልባት የመሣሪያዎቹ ዝርዝር በአንድ ሰው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነበር፤ ሰውየው ሥራ ለቀቀ። ምናልባት የግዥ ጥያቄው ፋይናንስ ጋር ሁለት ወር ተኛ። ከዚያ ሁለት ነገሮች ይቀራሉ፤ ብዙዎች የሚዘሉአቸው፦ ሌሎቹ መሣሪያዎችስ በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ናቸው ወይ? መለኪያው ተዛብቶ ከተገኘስ በእነዚያ 3 ወራት የተለቀቀው ምርት ምን ይሁን? ሜጀር ኤንሲ እርምቱ ተፈጽሞ ሳይረጋገጥ ሰርተፍኬት አይወጣም፤ ከደረጃ ሁለት የመጨረሻ ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልተረጋገጠ ደረጃ ሁለት እንደገና ይደረጋል፤ እንደገናም ይከፈላል። የማይነሩን መልስ ማስገቢያ ቀን ውሉ ላይ ያንብቡ።

በእኛ አገር ኦዲት ላይ ሁለት ነገሮች ለብቻቸው መነሣት አለባቸው። አንዱ ቋንቋ ነው። ፕሮሲጀሩ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ይሠራል። አንቀጽ 7.5.2 ሰነድ ሲዘጋጅ ቅርጹ፣ ቋንቋው ጭምር፣ ተገቢ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ስለዚህ ይህ የአስተያየት ጉዳይ ሳይሆን የኤንሲ ጉዳይ ነው። ከኦዲት በፊት ያለው ሳምንት ሠራተኛውን የጥራት ፖሊሲ በእንግሊዝኛ በማስሸምደድ ሲያልቅ ማየት ያሳዝናል፤ ደረጃው ሽምደዳ አይጠይቅም፤ የሚፈልገው ሰውየው ሥራውን ቢያበላሽ ምን እንደሚከተል ማወቁን ነው።

ሁለተኛው የቀን አቆጣጠር ነው። የካሊብሬሽን ሰርተፍኬቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ይመጣል፣ የላቦራቶሪው መዝገብ በእኛ ይሞላል። መሣሪያ ላይ 12/03/2016 የሚል ተለጣፊ ኅዳር 12 ነው ወይስ ማርች 12? ልዩነቱ ከ7 ዓመት በላይ ነው። ቅጹ ላይ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማተም ይህን ሁሉ ያስቀራል። ሰዓቱም እንዲሁ፤ የ2 ሰዓት ናሙና ጠዋት ይሁን ሌሊት በፈረንጅ አቆጣጠር በሚሞላ ማሽን መዝገብ አጠገብ አይለይም። 12 ወርሃዊ ቅጽ ብቻ ታትሞ ከሆነ ደግሞ የጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን የት እንደተመዘገበ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የትም አይገኝም።

ቅርንጫፍ ላላቸው ድርጅቶች ስሌቱ ሌላ ነው። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ 25 ቅርንጫፎች ካሉ በመጀመሪያው ኦዲት የቁጥሩ ስኩዌር ሩት፣ 5 ቅርንጫፍ ይታያል፤ በክትትል 3፣ በእድሳት 4፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ሁልጊዜ ይጨመራል። ስለዚህ በጨረታ ሰነድ ላይ ሰርተፍኬት ሲቀርብ ከስሙ ይልቅ የወሰን መግለጫውና አድራሻው ይነበብ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱን ብቻ የሚሸፍን ሰርተፍኬት ስለ ግንባታ ቦታው ምንም አይናገርም።

የመጀመሪያው የክትትል ኦዲት ሰርተፍኬቱ እንዲሰጥ ከተወሰነበት ቀን ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ መሆን አለበት። በሁለት ቀን ሁሉም ነገር አይታይም፤ የውስጥ ኦዲት፣ የአመራር ግምገማ፣ ቅሬታዎች፣ ያለፈው ዓመት ኤንሲዎችና የምልክት አጠቃቀም ግን ሁልጊዜ ይታያሉ። «ክትትል የለብንም» የሚል ሰጪ ካለ፣ መጀመሪያ ላይ ያየነው የ2 ቀን ሰነድ ባለቤት ሳይሆን አይቀርም።

የምልክት አጠቃቀም ያልነው ይህ ነው፦ ሰርተፍኬቱ እንደደረሰ ፋብሪካው የመጀመሪያ ሥራው አዲስ የጠርሙስ መለያ ማሳተም ይሆናል፤ የሰጪው ምልክት ከውሃው ስም አጠገብ ጎልቶ። አይፈቀድም። አይኤስኦ 9001 የሚመሰክረው ስለ አሠራሩ እንጂ ስለ ውሃው አይደለም፤ ምልክቱ በምርቱም በማሸጊያውም ላይ አይወጣም። የሚቻለው በጽሑፍ ብቻ፣ ምርቱ ራሱ ሰርቲፋይድ እንደሆነ ሳያስመስሉ፣ የድርጅቱን ስም፣ ደረጃውንና ሰጪውን ጠቅሶ ሥርዓቱ ሰርቲፋይድ መሆኑን መግለጽ ነው። የአይኤስኦ ዓርማ ጭራሽ አይነካም። የሚታተመውን ናሙና አስቀድሞ ለሰጪው ልኮ በጽሑፍ ማስፈቀድ ምንም አያስከፍልም፤ በሚቀጥለው ዓመት ኦዲተሩ መጋዘን ገብቶ ጠርሙስ ሲያነሣ ግን መጀመሪያ የሚያየው መለያውን ነው።